ወጌሻውና ተወዛዋዧ

ጠጂቱ ጃርሶ ዋሪዮን የጠላችው ገና ስሙን ሳታውቀው ነው። ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። የነገሌ ቦረናው «ገናሌ ጮራ» የኪነት ቡድን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ ሊሄድ ሽር ጉድ ሲል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ወጣት ወደ አዳራሹ ገባና በሩን ተደግፎ ልምምዱን ያይ ጀመር። ከበሮው የወላይታውን ይመታል፤ ጠጂቱ ከፊት ናት። በወላይታ ጭፈራ በአውራጃው እሷን የሚያህል አልነበረም። ወገቧን ሸብ አድርጋ ዳሌዋን ስታዞረው፣ የጦር ካምፑ ወታደሮች ቆባቸውን ወደ ጣሪያ ይወረውሩላት ነበር። ይኼ ወጣት ግን አላጨበጨበም። ፊቷንም አላየም። ዓይኑን ተክሎ የሚያየው ዳሌዋን ብቻ ነው፤ ያውም ሥጋ ቤት የቆመ ሰው ብልት እንደሚመርጥ።

ከበሮው ጋብ ሲል ቀጥ ብላ ሄደችበት።

«አንተ! ዳሌ ልታይ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አለ ወጣቱ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱ የተናገረውን ዘግይቶ ሰማውና ግንባሩን ላብ ቸፈፍ አደረገው። «ማለቴ... ሥራዬ ነው። ዋሪዮ እባላለሁ፤ ከጤና ጣቢያ ነኝ። የሁላችሁንም ዳሌ እንድመረምር ታዝዤ ነው።»

ይኼኔማ ሳቁ ባሰ። ያልሳቀችው ጠጂቱ ብቻ ነበረች። ከሁሉም ተወዛዋዦች መካከል፣ ዳሌዋ እንዳይመረመር የምትፈልገው እሷ ነበረችና።

የምርመራው ነገር የመጣው በሀሺ ምክንያት ነው። ሀሺ ጉራጊኛውን ሲጨፍር መሬት የማይነካው ልጅ፣ አምና በክፍለ ሀገሩ መድረክ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ከዳሌው ቋ አለና ወደቀ። ዛሬም እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። የቡድኑ ኃላፊ ካድሬው ጓድ አብዱባ ለሀሺ እግር እንቅልፍ አላጣም፤ በትልቅ ስብሰባ ፊት በወረደበት ሂስ ግን ሲንገበገብ ከረመ። ስለዚህ ዘንድሮ ማንም ሳይመረመር መኪና ላይ እንዳይወጣ ወሰነ። ዋሪዮ ደግሞ በሶማሌው ጦርነት ጊዜ በወታደር ሆስፒታል ዳሌና ጭናቸው የተመታ ሰዎችን መራመድ ሲያስተምር የኖረ ነው። ከተማው «ወጌሻው» ይለዋል።

ጠጂቱ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀኝ ብሽሽቷን ያማታል። መጀመሪያ ከጭፈራ በኋላ ብቻ ነበር። ቆይቶ ዳገት ስትወጣ፣ ቆይቶ ደግሞ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ሆነ። መቀነቷን ከልብሷ ሥር አጥብቃ ታስርና ጥርሷን ነክሳ ትጨፍራለች። ምን ታድርግ? ጎበዝ ጎበዞቹ ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ቀርተው በደመወዝ እንደሚጨፍሩ ጓድ አብዱባ ምሎ ነግሯቸዋል። እዚህ ደግሞ አባቷ መምህር ጃርሶ አሉ። መምህር ጃርሶ ቸርቻቸው ከታሸገ ወዲህ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ የሚዘምሩ የወንጌል አማኝ ናቸው። ወጣት ማኅበሩ ልጃቸውን በግድ ለጭፈራ ሲወስድባቸው አልቅሰዋል። ልጅቱ ጭፈራውን ትወደዋለች ብለው ግን በሕልማቸውም አላሰቡም። አሞኛል ብትላቸው መልሳቸውን ታውቀዋለች። «የእግዚአብሔር ጣት ነው» ይሏታል። ይህን ከመስማት ዳሌዋ ቢወልቅ ይሻላታል።

ሕመሟን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሳትነገራት አይታ የደረሰችበት ጓደኛዋ መሱዳ። የመሱዳ አባት ሐጂ ዓብዱልሀኪም የስኳርና የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሷም በግድ ነው የመጣችው፤ ግን እንደ ጠጂቱ አልወደደችውም። መድረክ ላይ በወጣች ቁጥር ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ይተኛሉ። አንዷ መቅረት አጥብቃ ትፈልጋለች፤ ሌላዋ መሄድ።

ምርመራው ሊጀመር ሲል ሐጂ አዳራሹ ድረስ መጡ። «ወንድ የልጄን ዳሌ አያይም። አለቀ።»

ጓድ አብዱባ ከነጋዴ ጋር መጣላት ባይፈራም ከእስልምና ጋር መጣላት ይፈራ ነበር። አሰበ፣ አሰበና ለሜይ ዴይ ሰልፍ መፈክር የተጻፈበትን ሰፊ ቀይ ጨርቅ አስመጣ። አግዳሚ ወንበር መሀል ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀሉት። ልጃገረዶቹ በወዲያ በኩል ይተኛሉ፤ በወዲህ በኩል የሚወጣው እግራቸው ብቻ ነው። ወጌሻው ስም ይጠራል፣ እግር ይወጣለታል፣ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ደረት ይገፋል፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዞራል፣ «ያማል?» ይላል። ሁሉም በዚህ ተስማማ። እንዲህ ያለ ብልህ መላ የትም አይገኝ!

ሁለቱ ልጃገረዶች ከጨርቁ ጀርባ ተያዩ።

«ጠጂቱ ጃርሶ!» ሲል መሱዳ ተኛች። እግሯ እንደ ሊጥ ተለመጠለት። «ደህና ነሽ፤ ሂጂ» አለ።

«መሱዳ ዓብዱልሀኪም!» ሲል ጠጂቱ ተኛች። ጉልበቷን አጥፎ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ሕመሙ ከብሽሽቷ ተነስቶ ጥርሷ ድረስ ወጣ። የመፈክሩን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። አልቻለችም። «ዋይ!» አለች።

እጁ ወዲያው ቆመ። እግሯን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ አወረደው። «ማሎ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ በዝግታ፣ ለእሷ ብቻ። «ስንት ጊዜ ነው ይህን ብቻሽን የቻልሽው?»

ጠጂቱ ጣሪያውን እያየች እንባዋ በጆሮዋ ላይ ወረደ። እንደዚያ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የጠየቀው ደግሞ መሱዳን ነው። ይኼ ይበልጥ አናደዳት።

በዚህ ዓይነት መሱዳ «በሕመም ምክንያት» ተሰናበተች፤ ሐጂም በግ አረዱ። ጠጂቱ ጤነኛ ተባለች።

ዋሪዮ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ከልምምድ በፊት ሰውነት የሚያፍታቱበትን እንቅስቃሴ እያስተማረ በየቀኑ ይመጣል። ጠጂቱ ታሾፍበታለች። «ወጌሻ፣ ዛሬስ የማን ዳሌ አማረህ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ስትጨፍር ያያታል፤ ስታየው ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ቡድኑ በሙሉ አውቆት ነበር።

አንድ ቀን ከአዳራሹ ወደ ገበያው ሲወርዱ አብረው ሆኑ። የነሐሴ ደመና ዝናብ ሳይሰጥ ሰማዩን ዘግቶታል፤ ቀዩ አቧራ ይነሳል። አንዲት የቦረና እናት በመንገዱ ዳር «አካም፣ ዶክተሬ! ነጋ?» ብለው ደህንነቱን ጠየቁትና እጁን ሳሙት። ልጃቸውን መራመድ ያስተማረው እሱ ነው።

«ለምን ትጨፍሪያለሽ?» አላት ድንገት።

ሰዎች የሚጠይቋት «እስከ መቼ ትጨፍሪያለሽ?» ብለው ነበር። ቆም አለች። «ስጨፍር ማንም አያዘኝም» አለች። «ከበሮ መቺው እንኳ እኔን ነው የሚከተለው። ቤት አባቴ ያዙኛል፣ ቀበሌ ሊቀ መንበሩ ያዘኛል፣ እዚህ አብዱባ ያዘኛል። ሲጨፈር ግን የራሴ ነኝ።»

ዋሪዮ እርምጃውን በእርምጃዋ ልክ አደረገ። ይህን ወደደችለት፤ ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ ሁሉን ልትነግረው ፈለገች፤ ግን «ደህና ዋል» ብላው ገባች። በዚያ ሳምንት ጠጂቱ ማንን እንደምትጠላ ግራ ገባት።

ጉዱ የፈነዳው በመሱዳ ነው። ዋሪዮ በሐጂ ሱቅ በኩል ሲያልፍ፣ ያቺ እግሯን ሲነካት ዋይ ያለች ምስኪን ልጅ የስኳር ከረጢት ታቅፋ ቦዩን እንደ ፍየል ዘላ ስትሻገር አያት። ባለበት ደርቆ ቀረ።

የዚያን ቀን ወደ ልምምዱ ገብቶ እንደ መጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆመ። አሁን ግን የሚያየውን ያውቅ ነበር። ጠጂቱ ስትዞር ቀኝ ዳሌዋ ጠብ ይላል፤ በትከሻዋ ትሸፍነዋለች። ጭፈራው ሲያልቅ ሳቅ ብላ እጅ ነሳችና ከአዳራሹ ጀርባ ዞራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ተከተላት።

«ያኔ ዋይ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ጠጂቱ እንደዚህ ሲቆጣ አይታው አታውቅም። ልትክድ አሰበችና ተወችው።

«ብሆንስ?»

«ብሆንስ? በእነዚህ እጆቼ ይዤሽ፣ ሌላ ሰው ነኝ አልሽኝ! እኔም ደህና ነች ብዬ መሰከርኩልሽ። ታውቂያለሽ ምን እንዳለብሽ? የጭንሽ አጥንት ዳሌሽ ውስጥ የሚገባበት አንገቱ ላይ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። እርግጡን የሚነግረን ራጅ ነው፤ ራጅ ደግሞ እዚህ የለም። ካረፍሽለት ይጠግናል። ከጨፈርሽበት ግን ለሁለት ይከፈላል።»

«ከዚያስ?»

«ሀሺን አይተሻል አይደል? ሀሺ ዕድለኛ ነው።»

ጠጂቱ ግድግዳውን ለቃ ቀጥ ብላ ቆመች። «አዲስ አበባ ከደረስኩ በኋላ አርፋለሁ።»

«እስክትደርሺ አጥንት ይጠብቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ተረትህን ለበሽተኞችህ ንገር! እኔ'ኮ የምጨፍርበት ሌላ እግር፣ የምሄድበት ሌላ መኪና የለኝም። ከቀረሁ እዚሁ ነው የምቀረው። ይገባሃል? ዕድሜ ልኬን እዚሁ! አንተ ምን አገባህ?»

«ይገባኛል!»

«ለምን?»

ዋሪዮ አያት፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና አያት። ዓይኑ ሁሉን ተናገረ፤ ጠጂቱም አንዲት ሳታጎድል ሰማችው። ደሟ ፈላ። ፍቅር መጥቶ መጥቶ፣ ሲጠሩት ቀርቶ፣ እንዲህ ባለው ሰዓት መንገድ ዘግቶ ይቆማል?

«ለአብዱባ ብትናገር» አለች ጣቷን ደረቱ ላይ ተክላ፣ «እስክሞት ይቅር አልልህም።»

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፣ መሱዳ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እየተጎተተ ቤት ድረስ ሮጣ መጣች። «ወጌሻውን ቀበሌ አስገቡት!»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር። ዋሪዮ ለጓድ አብዱባ ሄዶ «ተሳስቻለሁ። የአንዷን እግር ከሌላዋ አምታትቻለሁ። መሱዳ ጤነኛ ናት፤ የታመመችው ጠጂቱ ናት» አለው። ስለ ልጃገረዶቹ መለዋወጥ ትንፍሽ አላለም። አብዱባም «መጀመሪያ ጤነኛ ተወዛዋዥ አስቀረህብን፤ አሁን ደግሞ ዋናዋን ልታስቀር ነው? ይኼ አሻጥር ነው!» ብሎ አሳሰረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ጠጂቱ ያለ ጫማ ልትወጣ ምንም ሳይቀራት ቀበሌው ደረሰች። ዘበኛው የአባቷ ተማሪ ስለነበር በመስኮቱ በኩል እንድታናግረው ፈቀደላት። ዋሪዮ ከአሮጌ የስንዴ ከረጢቶች ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሳ።

«ማነው ራስህን ስጥልኝ ያለህ?» ብላ ጮኸች፤ ሰላምታም የለ።

«ቀስ በይ።»

«ቀስ አልልም! ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?»

«እውነቱ መሱዳን ያስራል፤ የአባቷንም ሱቅ ያሳሽጋል። ደግሞ የተናገርኩት ውሸት አይደለም። ተሳስቻለሁ። የእግሩ ባለቤት ማን እንደሆነች ሳላይ መፈክር ፊት ቆሜ የፈረድኩ እኔ ነኝ።»

«እና እኔ አዲስ አበባ ስጨፍር አንተ እዚህ ከረጢት ላይ ትተኛለህ? እንዲህ ነው የታሰበው?»

«አንቺ ካልጨፈርሽ፣ እዚህ መተኛቴ ምንም አይደለም።»

«ብጨፍርስ?»

«ብትጨፍሪ...» አለና የመስኮቱን ብረት ያዘ። «ጠጂቱ፣ ስንት ሰው ዳግመኛ መራመድ አስተምሬያለሁ። አንቺን ማስተማር ግን አልችልም። አንጀቴ አይችልም።»

ፊቷን አዞረች። እንባዋን እንዲያይ አልፈለገችም። «የሰጠኸኝን ዕዳ እይ!» አለች። «እግሬን አሳልፎ መስጠት የኔ መብት ነበር። አሁን ራስህን ጨመርክበት!» ብላ ትታው ሄደች።

አዳራሹ ስትደርስ ጓድ አብዱባ የመጨረሻውን ልምምድ ለአውራጃው ኃላፊዎች ሊያሳይ ወንበር ያስደረድር ነበር። ከበሮው ተወጥሯል፤ ልጆቹ ለብሰዋል።

«የት ነበርሽ? ቶሎ ልበሺ!»

«ጓድ አብዱባ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ዳሌዬ ታሟል። ደብቄው ነው። በምርመራው ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አብዱባ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ሳቀ። «ወጌሻው መክሮሽ ነው። ትናንት ስትጨፍሪ ያየሁት ማንን ነው? ነይ ውጪ መድረክ ላይ! ጨፍሪና ታማሚነትሽን እንይ። ከበሮ!»

ከበሮው ተመታ። የወላይታው ምት ነው፤ ገና ሲጀምር ወገቧ ሥር የሚገባው። ሁሉም አያት። ጠጂቱ መላ ሰውነቷ ወደዚያ ምት ሲሳብ ተሰማት፤ ዳሌዋም ሕመሙን ረስቶ ሊነሳ አለ። እንደዚያን ጊዜ ያለ ንዴት ተናዳ አታውቅም። የቀራት የራሷ ነገር ይኼ ነበር፤ አሁን እሱንም በትእዛዝ አድርጊው ተባለች።

«አልጨፍርም።»

ከበሮ መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ። ለጓድ አብዱባ «አልጨፍርም» ያለ ሰው በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«አልጨፍርም አልኩ። አስገድደህ መኪና ላይ ልትጭነኝ ትችላለህ። ከዚያ በበዓሉ መድረክ፣ እንግዶች ሁሉ በተቀመጡበት፣ እወድቅልሃለሁ። ሀሺ በክፍለ ሀገር ነበር የወደቀው። እኔ የምወድቀው በአገር ፊት ነው። ያኔ ይጠይቁሃል። ይህች ልጅ ታማለች ብሎ የነገረህ ባለሙያ ነበረ ወይ? ይላሉ። ነበረ። የት ነው? አስሬዋለሁ። እስቲ ይህን ለሂስ አቅርበው!»

የአምናው ስብሰባ አብዱባ ዓይን ላይ ሲመጣ ሁሉም ያዩት መሰላቸው። ወደ በሩ ተመለከተ፤ ኃላፊዎቹ እየመጡ ነበር።

«ከዓይኔ ጥፊ» አለ በመጨረሻ። «ዘርፈሽ! አንቺ ከፊት ግቢ። ያንን ወጌሻም ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ ልቀቁት።»

ጠጂቱ ቤቷ ገባች። ለመምህር ጃርሶ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው «እግዚአብሔር መለሰሽ፣ ልጄ» አሏት።

«እሱ አልመለሰኝም፣ አባዬ! እኔው ነኝ የተመለስኩት! ለርስዎ ብዬም አይደለም!» አለችና አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅስ አልጠቀሱም። እራቷን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጠው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት መኪኖቹ በገበያው በኩል ሲያልፉ ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች። እንዳትሄድ የመከራት አልጠፋም፤ አልሰማችም። ቡድኑ ጭነት መኪናው ላይ ቆሞ እየዘፈነ አለፈ። ዘርፈሽ እጇን አውለበለበችላት፤ ልጅቱ ጥፋት የለባትም፤ ጠጂቱም አውለበለበች። አቧራው መኪናውን ዋጠው፤ ዘፈኑ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ቡድኑ አዲስ አበባ ሄደ፤ ያለ እሷ።

ዞር ስትል ዋሪዮ ቆሟል። ጺሙ አድጓል፤ ጋዋኑ ላይ የከረጢቱ ብናኝ አለ።

«አካም?» አላት ቀስ ብሎ።

«አካም አትበለኝ።»

«እሺ።»

«ይቅር አልልህም። ነግሬሃለሁ።»

«ነግረሽኛል። ከነገ ወዲያ ወደ ሻሸመኔ አውቶቡስ አለ። ራጅ ወዳለበት እናሳልፍሻለን።»

«ካንተ ጋር አልሄድም!»

«አውቶቡሱ የኔ አይደለም። እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።»

ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ ቀደማት። ያን ጊዜ ሁሉም ወጣ። አብዱባን ሰደበች፣ ቀበሌውን ሰደበች፣ አባቷን፣ በዓሉን፣ ይህን አቧራ ብቻ የሆነ አገር፣ የራሷን አጥንት። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ዋሪዮ አላባበላትም፤ አይዞሽ አላለም፤ እስክትጨርስ ድረስ ሰማት።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም! መቼም አልጨርስም። ዳሌዬ ቢድን እንኳ ይኼ ቁጣ አይድንም። የሚቆጣ ሰው ምን ያደርግልሃል?»

«ተቆጪ» አላት። «እኔ ቁጣሽን አይደለም የፈራሁት። ዝም ብለሽ ስትችይው ነው የፈራሁት።»

ጠጂቱ አየችው። ሴት ልጅ በቀን ብርሃን፣ በነገሌ ገበያ መሀል፣ ባል ያልሆናትን ወንድ ብትነካ ከተማው ለዓመት የሚያወራው ነገር ያገኛል። ይህን ታውቃለች። ከዚያም ግንቦችና ግድግዳዎች ሲሸከሙት የከረሙትን ቀኝ ጎኗን ትከሻው ላይ ጣለች፤ ክብደቷን ሁሉ፣ ምንም ሳታስቀር።

«ቀስ ብለህ ሂድ፣ ያማል» አለችው በቁጣ። ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።